ወንድሜ ሎብስተር ጀልባ ላይ ሊቀጠር ነው፣ ይሂድ ወይስ ይቅር?

ክሩ ረዝሞ 34 መልስ ደርሷል። አሁን የሚገቡ ሰዎች ከላይ ማንበብ ሰልችቷቸው ምን ተባለ እያሉ በውስጥ መስመር ይጠይቁኛል። ጥያቄውን የጣልኩት እኔ ስለሆንኩ እኔው ልንገራችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ የገባኝን ነው የምጽፈው። አዛብተሃል የሚል ከታች ያርመኝ።

መነሻው ይሄ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ዓሣ ቤት አለኝ። ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ ፍሪዘር፣ አንድ ትልቅ መጥበሻ። ታናሽ ወንድሜ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሄደ፣ ሜይን በሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ግዛት ነው ያለው። እስካሁን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ሲጥል ነበር። አሁን አንድ የሎብስተር፣ ልባሱ ጠንካራ የሆነ የባሕር እንስሳ ነው፣ አጥማጅ ረዳት ፈልጎ አነጋግሮታል። ሥራው ከዋናው ምድር ራቅ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው፣ በብርዱ ወራት እዚያ የሚቀረው ሰው የኛን አንድ ብሎክ አይሞላም። ልጁ ያደገው አቃቂ ነው። የሚያውቀው ውኃ የአቃቂ ወንዝ ነው፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ጤነኛ ሰው አይዋኝም። እናታችን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ይሄ ሥራ ሰው የሚኖርበት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ ወንድሜ የላከልኝን የአንድ ሎብስተር ፎቶም አያያዝኩ። የደሴቱን ስም ሆን ብዬ አልጻፍኩም። ጥቂት ሰው ያለበት ቦታ ወሬ ቶሎ ይደርሳል።

ቁጥር 1 እሙዬ ናት። ሁሌም ቀድማ የምትገባው እሷ ናት። ለእናቴ አዘነች፣ ልጁን እግዚአብሔር ይጠብቀው አለች፣ ከዚያ ካርቶን ማንሳት ምን ነውር አለው፣ ባለበት ይቀመጥ የሚል ምክር ጣል አድርጋ ወጣች።

ቁጥር 2 ላይ ሦስተኛ ፎቅ የሚባለው ልጅ ፎቶው የሎብስተር አይደለም ብሎ ድርቅ አለ። ሎብስተር ቀይ ነው፣ ይሄ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ነው፣ ወንድምህን እየሸወዱት ነው ባይ ነው። ቁጥር 3 ሆቴል ቤት የምትሠራ ልጅ ነች፣ በትህትና አረመችው። ቀይ የሚሆነው ሲቀቀል ነው፣ በሕይወት እያለ እንደ ፎቶው ነው የሚመስለው። ቁጥር 4 ላይ ልጁ ይቅርታ ጠየቀ። በዚህ ክር ውስጥ ይቅርታ የተጠየቀው ያኔ ብቻ ስለሆነ መዝግቡልኝ።

ቁጥር 5 ጋሽ ባሕረኛው ናቸው። ድሮ ባሕር ኃይል ውስጥ ምጽዋ ያገለገሉ፣ አሁን ገላን በኩል ጡረታቸውን የሚበሉ ሰው ናቸው። ቀይ ባሕርም ሎብስተር እንዳለው፣ ዳህላክ አካባቢ ጠልቀው የሚያወጡትን በዓይናቸው እንዳዩ ጻፉ። የዚያኛው ግን እሾሃም ነው እንጂ ትልቅ መቆንጠጫ የለውም። የሜይኑ ሁለት አለው፣ አንዱ መጨፍለቂያ ሌላው መቁረጫ፣ ስለዚህ ልጁ አያያዙን ቶሎ ይማር አሉ። ስለ ዋናው ደግሞ፣ ባሕር ላይ የሚውል ሁሉ ዋና አይችልም፣ በዚያ ቅዝቃዜ ዋና መቻልም ብዙ አያቆይም፣ ሕይወት አድን ጃኬቱን አያውልቅ ነው ምክራቸው። ከዚያ ጨዋታው ወደ ምጽዋ ሙቀት ሄደ፣ ስለ አንድ ምግብ አብሳይም ረጅም ወሬ አለ፣ እሱን ራሳችሁ አንብቡት፣ ያስቃል። እኔ ያኔ ያሰብኩት እናቴ የዋናውን ነገር እንዳታይ ብቻ ነበር።

ቁጥር 6 ነጥብ ብቻ ነው። ለመከታተል የጣለ ሰው ነው መሰለኝ።

ቁጥር 7 ነው ዋናው። መንጠቆ የሚል ስም የያዘ ሰው ነው፣ ሜይን ውስጥ ሁለት ወቅት በረዳትነት ሠርቷል። ነገሩን በታክሲ ምሳሌ አስረዳኝ። አጥማጁ ሹፌር ነው፣ ወንድምህ ወያላ። ሹፌሩ ጀልባውን ወጥመዱ ያለበትን ወደሚያሳየው ተንሳፋፊ ያስጠጋል። እያንዳንዱ አጥማጅ የራሱ የተንሳፋፊ ቀለም አለው፣ ያንኑ ቀለም ጀልባው ላይም ያሳያል፣ እንደ ታርጋ በሉት። ገመዱን አንጠልጥሎ ገመድ ሳቢው ዊንች ላይ ይጠመጥመዋል፣ ወጥመዱ ከታች ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የወያላው ነው። በሩን መክፈት፣ ያለውን ማውጣት፣ መለካት፣ የማይሆነውን ወደ ባሕር መመለስ፣ የሚሆነውን እርስ በርስ እንዳይቆራረጡ መቆንጠጫው ላይ ላስቲክ ማሰር፣ ማባበያ የሆነውን፣ ያለቀውን የሄሪንግ ዓሣ ከረጢት በአዲስ መተካት፣ ወጥመዱን መልሶ መግፋት። ከዚያ የሚቀጥለው። ከዚያ የሚቀጥለው። በሕጉ አንድ ባለ ፈቃድ እስከ 800 ወጥመድ መጣል ይችላል፣ አንዳንድ ደሴት ላይ ከዚያ ያነሰ ነው። የሚነሱት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፣ በኛ አቆጣጠር ማለቱ ነው፣ አንድ ሰው ከታች ተሳስቶ ያማ ጠዋት ነው ብሎ ሲከራከር ነበር።

ወጥመዱ ሁለት ክፍል እንዳለው ጻፈ፣ እነሱ ራሳቸው ኩሽናና ሳሎን ይሏቸዋል። ሎብስተሩ ሽታውን ተከትሎ ኩሽና ይገባል፣ በልቶ ልውጣ ሲል ሳሎን ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ትንንሾቹ የሚሾልኩበት ቀዳዳ አለ። ወጥመዱ ጠፍቶ ባሕር ሥር ቢቀር ደግሞ ከጊዜ ጋር በስብሶ የሚከፈት ክፋይ አለው፣ ባለቤት የሌለው ወጥመድ ዝም ብሎ ሲገድል እንዳይኖር። ስለ ኩሽናውና ሳሎኑ ሳነብ የኛ ሕንጻ ትዝ አለኝ።

አደጋውን አልደበቀም። ወጥመዱ ሲወረወር ገመዱ ከኋላው እየተተረተረ ይሮጣል። እግርህ በገመዱ ቀለበት ውስጥ ከቆመ አብረኸው ትወርዳለህ። ክፍያው ደመወዝ አይደለም፣ ከተያዘው ላይ ድርሻ ነው፣ አንድ አምስተኛ አካባቢ የተለመደ ነው። ማዕበል ካለ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ድርሻም የለም። ለረዳትነት የራሱ ፈቃድ አያስፈልገውም። የራሴን ጀልባ ልያዝ ካለ ግን ቢያንስ ሁለት ዓመት በተለማማጅነት ይመዘገባል፣ ከዚያ ወረፋ ይይዛል፣ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል። የኮንዶሚኒየም ምዝገባ በሉኝ።

መለኪያው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ኋላ ጉድ ያመጣብኝ እሱ ነው። መንጠቆ እንደሚለው እያንዳንዱ ጀልባ ላይ የብረት መለኪያ አለ። ከዓይኑ ጎድጓዳ አንስቶ እስከ ጀርባው ልባስ መጨረሻ ይለካሉ። ከ8 ሴንቲ ሜትር ከምናምን በታች ከሆነ ይመለሳል። ከ12.7 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነም ይመለሳል፣ ትልልቁ ዘር እንዲያፈራ። ያን ዝቅተኛ ልክ ለመድረስ 7 ዓመት ገደማ ይወስድበታል። ከሆዷ ሥር እንቁላል የያዘች ከተገኘች የጅራቷን ክንፍ ትንሽ በቢላ ይቀዱና ይለቋታል። ከዚያ በኋላ ያ ቅድ ያለባትን የትኛውም ጀልባ፣ እንቁላል ባይኖራትም፣ መውሰድ አይችልም። የማያውቃት ሰው ነው ምልክት ያደረገላት፣ የማያውቃት ሰው ነው የሚለቃት።

ከቁጥር 8 እስከ 12 ሃይማኖት ነው። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ተጠቀሰ፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት አይበላም ተባለ። አንዱ ሎብስተርማ ቅርፊቱ ከማንም የጠነከረ ነው ብሎ ሊያሳልፈው ሞከረ። ቁጥር 10 ሳቀበት። ቅርፊት የተባለው የዓሣ ቅርፊት ነው፣ ደግሞም ክንፍ የሚለውን የት ጣልከው ነው ነገሩ። ቁጥር 11 ወደ እኔ ዞረ፣ አንተስ አምባዛ ትሸጥ የለ እንዴ አለ። አምባዛ ቅርፊት የለውም። እሸጣለሁ፣ የሚበላው ይበላዋል፣ የማይበላው ቆሮሶ ያዛል፣ ቤቴ ሁሉም ነው የሚገባው። እሙዬ ልጁ ሊሠራ እንጂ ሊበላ መች ሄደ ብላ ዘጋችው። ዳኝነቷ ተመችቶኛል።

ቁጥር 13 ድሮ ሎብስተር የእስረኛና የአገልጋይ ምግብ ነበር፣ አገልጋዮች በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ እንዳይሰጠን ብለው ውል ያስፈርሙ ነበር የሚለውን የታወቀ ወሬ አመጣች። ቁጥር 14 ጨው በርበሬ ነው። ስሙን የመረጠው እያወቀ ነው። ወሬው በየቦታው ይወራል እንጂ እንዲህ ያለ ውል አንድም አልተገኘም፣ ርካሽ ምግብ እንደነበር ግን እውነት ነው፣ ያነበባችሁትን ሁሉ እዚህ አትድፉብን አለ። ልክ ነው። አነጋገሩ ግን ልክ አልነበረም፣ ቁጥር 13 ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም።

ቁጥር 15 ደሴቱን ለመገመት ሞከረ፣ ሞንሄጋን ናት አለ። ከባሕሩ ዳርቻ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከሌላው ሜይን የተለየችበት፣ ሎብስተር የሚያጠምዱት በብርዱ ወራት ነው። በነሱ በጋ፣ በሙቀቱ ወራት ያርፋሉ፣ በፈረንጆቹ 1998 የወጣ ሕግ ያጸናላቸው የራሳቸው የባሕር ክልል አላቸው። ወቅቱ የሚከፈተው በነሱ ጥቅምት 1 ነው፣ ለኛ መስቀል ባለፈ በአራተኛው ቀን። ሁሉም ወጥመዱን በአንድ ቀን ነው የሚጥለው፣ ከመካከላቸው የታመመ ወይም ጀልባው የተበላሸበት ካለ ሌላው ይጠብቀዋል። ጋሽ ባሕረኛው ይሄን ሲያነቡ ደስ ብሏቸው ደቦ ነው በሉኛ አሉ። ናት ወይም አይደለችም አልልም፣ ቃል ገብቻለሁ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ቁጥር 16 ሌላ ደሴት አነሳ፣ ማቲኒከስ። ከዋናው ምድር ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፣ እዚያ በፈረንጆቹ 2009 በወጥመድ ጠብ አንዱ አጥማጅ ሌላውን ወደቡ ላይ በጥይት መትቷል። ሰውዬው ተርፏል። መንጠቆ ቁጥር 17 ላይ ተመልሶ ነገሩን አበረደው። ጥይት ብርቅ ነው፣ የተለመደው ሌላ ነው አለ። በሰው ክልል ወጥመድ ከጣልክ መጀመሪያ ተንሳፋፊህ ላይ ቋጠሮ ታስሮ ታገኘዋለህ። ያ ማስጠንቀቂያ ነው። ካልገባህ ገመድህ ይቆረጣል፣ ወጥመድህ እዚያው ሥር ይቀራል። ክልሉ ካርታ ላይ የለም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ቱሉ ዲምቱ የሚኒባስ ተራ ላይ ለአንድ ቀን የቆመ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቁጥር 18 የዝዋይ ልጅ ነው። እናቱ የዘይ ሰው ናቸው፣ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ የተወለዱ። እርጋታ ያለው ልጅ ነው፣ ረጅም ነው የጻፈው። ሐይቁ ላይ አምስት ደሴት እንዳለ፣ ዘይዎች የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን እዚያ ተሸሽጋ ቆይታለች ተብሎ እንደሚታመን፣ አያቱ በታንኳ ሲያጠምዱ ጉማሬ ገልብጧቸው እንደሚያውቅ ነገረን። ትንሽ ደሴት ላይ መኖር እንዴት ነው ለሚለው፣ የተጣላኸውን ሰው ነገ ጠዋት ወደብ ላይ ታገኘዋለህ፣ ስለዚህ ጠብህን መጥነህ ትጣላለህ ነው መልሱ። ወንድምህ ሰላምታ አይርሳ፣ ለሁሉም ሰው፣ በየቀኑ። ከመንጠቆ ቀጥሎ ለወንድሜ ያነበብኩለት ይሄንን ነው።

ጨርሶ ሲወጣ ግን አንድ ነገር አከለ። በልጅነቱ ያያቸው ቆሮሶዎችና አሁን የሚወጡት መጠናቸው አንድ አይደለም። ሐይቁ ጥልቅ ቢባል 9 ሜትር ነው፣ ውኃው ለመስኖ ይሳባል፣ የመረቡ ዓይን ከዓመት ዓመት ይጠብባል። በኛ 1995 የወጣ የዓሣ ሀብት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 315፣ መረቡ ግን አዋጅ አያነብም አለ።

ቁጥር 19 ላይ ጨው በርበሬ መጣ። አንተ ቱሉ ዲምቱ የምትጠብሰው ዓሣ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው ብሎ በስሜ ጠራኝ። ቤቴ ገብቶ እንደሚያውቅ፣ ሳህኑ ላይ አራት ዓሣ እንደቀረበለት፣ አራቱም ተደምረው አንድ የደንብ ዓሣ እንደማይወጣቸው ጻፈ።

ተናደድኩ። ቁጥር 20 የኔ ነው፣ አላጠፋውም። አይሱዙው ከክፍያ መንገዱ መውጫ ላይ ያራገፈልኝን ነው የምሸጠው፣ እኔ ሐይቅ ጠባቂ አይደለሁም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪዘር ሙሉ ዓሣ የምደፋው እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም አልኩት። ሌላም አልኩ፣ እሱን አስተዳዳሪው አንስቶታል።

ቁጥር 21 እኔን ደገፈ፣ ነጋዴ ምን ያድርግ አለ። ቁጥር 22 ተቃወመኝ። ቁጥር 23 አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው፣ ኤሊኖር ኦስትሮም የሚባሉ አሜሪካዊት በፈረንጆቹ 2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት የጋራ ሀብትን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ሊጠብቁት እንደሚችሉ በማሳየታቸው ነው ብሎ በሰፊው አስረዳ። ጨው በርበሬ ኖቤል እንቁላል አይጥልም አለው። እውነት ለመናገር ሳቅሁ፣ ግን የልጁ ጽሑፍ ጥሩ ነው፣ አንብቡት።

ቁጥር 25 ላይ የዝዋይ ልጅ በቀስታ ተመለሰ። ሎብስተሯ እንቁላሏን ከጅራቷ ሥር እንደምትይዝ ሁሉ ቆሮሶዋ ደግሞ በአፏ ነው የምትይዘው፣ እስኪፈለፈሉ ድረስ እዚያው ታቆያቸዋለች። አጥማጅ ሲያነሳት አንዳንዴ ትተፋቸዋለች፣ ታንኳው ወለል ላይ። ሌላ ምንም አላለም። ከጨው በርበሬ ስድብ ይልቅ የነካኝ ይሄ ነው።

ከ26 እስከ 28 ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ሆነ። ይሄ ክርክር የማይገባበት ክር የለም፣ እኔም የማውቀው ሁዳዴ ሲገባ ደንበኛዬ እንደሚበዛ ብቻ ነው። አንዲት ሴትዮ የዓሣ ዱለት አሠራር ጠየቀች፣ ሦስት ሰው መለሰላት፣ አንዳቸውም ከሌላው አልተስማሙም። ሚጥሚጣው መጨረሻ ነው፣ ይሄው።

ቁጥር 29 መንጠቆ ነው፣ ወደ ወንድሜ መለሰን። አንድ ነገር ሳይታሰብበት እንዳይሄድ አለ። ባሕሩ እየሞቀ ነው። በፈረንጆቹ 2012 ሙቀቱ ሎብስተሩን ቀድሞ አመጣው፣ ገበያው ሞላ፣ ዋጋው ወደቀ። በፈረንጆቹ 2016 ሜይን ውስጥ የተያዘው 60 ሚሊዮን ኪሎ ገደማ ደርሶ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል አልተያዘም። ደግሞ በወጥመድ ገመድ የሚጠላለፍ የዓሣ ነባሪ ዘር አለ፣ ከ400 በታች ነው የቀረው፣ በሱ ምክንያት የገመድ ደንብ በየጊዜው ይቀያየራል። ብድር ገብቶ ጀልባ ልግዛ እንዳይል፣ ለአንድ ወቅት ግን ይሂድ ነው ፍርዱ። ጋሽ ባሕረኛው ቁጥር 30 ላይ ደገፉ፣ ለእናቴም በግል ጻፉላት። ስልኳን ከየት እንዳገኙ እንጃ፣ ከእሙዬ ሳይሆን አይቀርም።

ቁጥር 31 እኔ ነኝ። የልጄን ማስመሪያ ወስጄ ሌሊት የመጣውን ዓሣ ለካሁ። ቁጥሩን አልጽፍም፣ ስንዝር የማይሞሉት ከግማሽ በላይ ነበሩ። ለአይሱዙው ሹፌር ትንንሾቹን እንዳያመጣብኝ ነገርኩት። ሳቀ። ካልወሰድክ ጎረቤትህ ይወስዳል አለኝ፣ ወሰደም። በሚቀጥለው ቀን ትልልቁን ብቻ በውድ ገዛሁ፣ ዋጋ ጨመርኩ፣ ሁለት ደንበኛ ሜኑውን አይቶ ተነስቶ ሄደ። ጨው በርበሬ ቁጥር 32 ላይ ይሄን አንብቦ ምንም አላለም፣ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ አደረገ። ከሱ ይሄም ብዙ ነው።

ቁጥር 33 ወንድሜ ራሱ ነው፣ አካውንት ከፍቶ ገባ። ሄዷል። እጁ አብጧል፣ ሽታው እንደተባለው ነው። ሰላምታ ለሁሉም ሰው ይሰጣል፣ ለውሻውም ጭምር። በመጀመሪያው ቀን ልኩን ያልሞላ አንድ ሎብስተር ባልዲ ውስጥ ጥሎ ነበር፣ ሰውዬው አንድ ቃል ሳይናገር አውጥቶ መለኪያውን በእጁ አስያዘው። ጋቢ ላኩልኝ ይላል፣ እናቴ ሁለት ገዝታለች።

ቁጥር 34 ብሎክ 12 ያለች ጎረቤቴ ናት። ከላይ ምንም ያነበበች አትመስልም። ነገ ዓሣ አለ ወይ ትላለች። አለ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነይ፣ ዋጋው ትንሽ ጨምሯል።